አጭሯን ፑት መቼ እንስጥ? ለደሴው ወንድማችን ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ሰላም ወንድሜ፣ አብሽር፤ ያልከው ነገር የሁላችንም ችግር ነው።

ጥያቄው ላመለጣችሁ ባጭሩ ላስታውሳችሁ። ወንድማችን ደሴ ነው የሚኖረው። ቅዳሜ ቅዳሜ ኮምቦልቻ እየወረደ ከጓደኞቹ ጋር ጎልፍ ይጫወታል። ከመካከላቸው በዕድሜ የሚበልጡት አንድ ጋሼ ኳሳቸው ጉድጓዱ አጠገብ ስትደርስ ማንም ሳይላቸው ብድግ አድርገው ኪሳቸው ይከቷታል። እሱ ደግሞ በቅርቡ አዲስ አበባ ውድድር ይጠብቀዋል። «አጭር ፑት መቼ ነው የሚሰጠው? ከስንት ርቀት? ጋሼንስ ምን ልበላቸው?» ነው ያለው። ፑት ማለት ጉድጓዱ አጠገብ ኳሷን ወደ ውስጥ ለማንከባለል የሚመታ ምት ነው፤ መስጠት ማለት ደግሞ ሳትመታት እንደገባች ተቆጥራልህ እንድታነሳት መፍቀድ።

እኔ ጎልፍን የተማርኩት ዱባይ ነው። አንድ ክለብ ውስጥ ካርት፣ ማለትም ተጫዋቾችን ሜዳ ላይ የምታመላልሰውን ትንሽ መኪና፣ በማጠብ ጀምሬ በኋላ ሜዳ ላይ ተጫዋቾችን ወደማስተናገድ ተዛወርኩ። የሠራተኞች ውድድርም ነበረን። አሁን ኮምቦልቻ ነኝ። የምጫወተውም እንዳንተው ጠዋት ከብት በዋለበት ሜዳ፣ በተቀበረ ጣሳ ላይ ነው።

መጀመሪያ የአዲስ አበባውን እንጨርስ፤ እሱ ቀልድ አያውቅም። ውድድሩ ስትሮክ ፕሌይ ከሆነ፣ ማለትም የእያንዳንዱ ሰው ምት ተደምሮ ትንሽ የመታው የሚያሸንፍ ከሆነ፣ መስጠት የሚባል ነገር የለም። አምስት ሳንቲሜትር ብትቀርህም መትተህ ታስገባታለህ። አብሮህ የሚጫወተው ሰው «አንሳት ባክህ» ቢልህ አትስማው። እሱ የመስጠት መብት የለውም፤ የምትወዳደረው እዚያ ሜዳ ላይ ካለው ሰው ሁሉ ጋር ነውና። ግሪን ላይ፣ ማለትም ጉድጓዱ ዙሪያ ሣሩ በተላጨበት ቦታ፣ ምልክት ሳታስቀምጥ ኳስህን ካነሳህ አንድ ምት ትቀጣለህ፤ ቦታዋ መልሰህ ማስገባትም አለብህ። ይህን ሳታስተካክል ቀጣዩን ጉድጓድ ከጀመርክ ከውድድሩ ትሰረዛለህ። የመጨረሻው ጉድጓድ ላይ ከሆነ ደግሞ የነጥብ ካርድህን እስክታስረክብ ድረስ ብቻ ነው ጊዜ ያለህ።

«አምስት ሳንቲሜትር ማን ይስታል?» እንዳትለኝ። እ.ኤ.አ. በ1983 እንግሊዝ ሮያል በርክዴል ላይ ኦፕን በተባለው ታላቅ ውድድር ላይ አሜሪካዊው ሄል ኧርዊን ጉድጓዱ አፍ ላይ የቀረችን ኳስ በግዴለሽነት ሊገፋት ሲል ፑተሩ፣ ማለትም የፑት መምቻ ዱላው፣ ኳሷን ሳይነካት አለፈ። ሙከራው እንደ ምት ተቆጠረበት። ውድድሩ ሲያልቅ ሻምፒዮኑ ቶም ዋትሰን ሆነ፤ ኧርዊን የተበለጠው በአንድ ምት ነው። ያቺኑ አንዷን።

መስጠት ያለው ማች ፕሌይ ላይ ነው። አንድ ለአንድ ወይም ቡድን ለቡድን ገጥማችሁ ጉድጓድ በጉድጓድ ስትሸናነፉ ማለት ነው። እዚያ ተጋጣሚህ ቀጣዩን ምት ሊሰጥህ ይችላል። ከፈለገ ጉድጓዱን፣ ካሰኘውም ጨዋታውን በሙሉ። የተሰጠህ ፑት እንደመታኸው ተቆጥሮ አንድ ምት ይደመርብሃል። ብዙዎቻችን ይህችን እንረሳታለን፤ በአራት ደርሶ የተሰጠው ሰው «አራት» ብሎ ያስመዘግባል። አምስት ነው።

ደንቡን ለወሎ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው፤ ነገሩ ልክ እንደ ጉርሻ ነው። አፍህን ከፍተህ «አጉርሱኝ» አትልም። ሰጪው በራሱ ፈቃድ ይሰጥሃል። ከተሰጠህ በኋላ ደግሞ እምቢ ማለት አይቻልም፤ ሰጪውም መልሶ ሊነጥቅህ አይችልም። የጎልፍ ሕግም ቃል በቃል ባይሆን ይህንኑ ነው የሚለው፦ የተሰጠ ፑት አይመለስም፣ አይሻርም። ተሰጥቶህ ለልምምድ ብለህ ብትመታትና ብትስት እንኳ ምንም አይለወጥም። ሁለት ለሁለት ስትጫወቱ ብቻ ተጠንቀቅ። የተሰጠችህን መትተህ ለጓደኛህ የኳሷን መንገድ ካሳየኸው የእሱ ውጤት በዚያ ጉድጓድ አይያዝም።

ስለዚህ የማይጠየቅ ነገር ነው። ኳሷ አጠገብ ቆሞ የተጋጣሚን ዓይን ዓይን ማየትም ያው ልመና ነው። «ቅድም ሰጥቼህ የለ?» ማለት ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። ዱባይ አንድ ደንበኛ ነበረ፤ ኳሱ ስትቆም «ኧ?» ብሎ ጭንቅላቱን ዘንበል ያደርጋል። ከእሱ ጋር መጫወት ማንም አይፈልግም ነበር፤ ጥሩ ቲፕ ሰጪ ግን ነበር፤ ሐቁን ለመናገር።

ሁለተኛው ነገር ግልጽነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ጀርመን ውስጥ በሶልሃይም ካፕ፣ ማለትም በአሜሪካና በአውሮፓ ሴቶች ውድድር፣ አሜሪካዊቷ አሊሰን ሊ ግማሽ ሜትር ገደማ የቀረችን ኳስ የተሰጠቻት መስሏት አነሳች። አውሮፓዊቷ ሱዛን ፔተርሰን አልሰጠንም አለች። ጉድጓዱ ለአውሮፓ ሆነ፤ ያንን ግጥሚያም አውሮፓ አሸነፈ። ሕጉ ከፔተርሰን ጋር ነበር፤ ዓለም ግን አወገዛት። አሜሪካኖቹ በንዴት ተነስተው የመጨረሻውን ቀን ተቆጣጠሩትና ዋንጫውን ወሰዱ። ፔተርሰንም በማግስቱ ይቅርታ ጠየቀች። ዛሬ ባለው ሕግ በምክንያታዊ አለመግባባት ኳስ ካነሳህ ቅጣት የለም፤ ቦታዋ መልሰህ ትመታለህ።

እኛ ሜዳ ላይ ይህ በየጊዜው ይከሰታል። አንዱ ጥሩ ምት አይቶ «በቃ፣ ጎበዝ!» ይላል። ሌላው «በቃ» የምትለዋን ሰምቶ ኳሱን ያነሳል። ከዚያ ጭቅጭቅ ነው። እኛ አሁን የምንጠቀመው «ተሰጥቷል» የምትለዋን ብቻ ነው። ጮክ ተብላ፣ ኳሷ ሳትነሳ። ጭንቅላት መነቅነቅ አይቆጠርም።

ስለ ርቀት ጠይቀሃል። ሕጉ ርቀት አይወስንም፤ ሰጪው እንደወደደ ነው። ለወዳጅነት ጨዋታ የተለመደ መለኪያ አለ። ፑተሩን ጉድጓዱ ውስጥ አስገብተው ያጋድሙትና ኳሷ ከእጀታው ጎማ ወዲህ ከሆነች ትሰጣለች። ስድሳ ሳንቲሜትር አካባቢ ይሆናል። እኔ አልወደውም። የፑተር ርዝመት ይለያያል፤ ረጅም ፑተር የያዘ ሰው ሁሌ ያተርፋል። ደግሞም መለኪያው የመጣው እንደ ምንጣፍ ከተላጨ ግሪን ነው። እኛ ሜዳ ላይ የከብት ኮቴ አለ፣ ጠጠር አለ፤ ዝናብ ሲጥል መሬቱ ይጎረብጣል። ስድሳ ሳንቲሜትር እዚህ የተረጋገጠች ኳስ አይደለችም። እኔ የምሰጠው አንድ ጫማ (ሠላሳ ሳንቲሜትር ገደማ) የማትሞላዋን ነው፤ እሷንም ቁልቁለት ላይ ካልሆነች። ጣሳችሁንም ለኩት። ትክክለኛው ጉድጓድ ስፋቱ 108 ሚሊሜትር ነው። ከዚያ የጠበበ ጣሳ ቀብራችሁ «አጭር ናት» ብሎ መስጠትና መከልከል ትርጉም የለውም።

ለጀማሪም ብዙ አትስጥ። ደግነት ይመስላል፤ ግን ልጁ አጭር ፑት መትቶ ሳያውቅ ውድድር ይገባል። አንተም ከአዲስ አበባው በፊት ቢያንስ ጥቂት ቅዳሜ ምንም አትቀበል።

ስትጫወት የምትገጥምህ አንዲት ብልጠት አለች። ተጋጣሚህ ከመጀመሪያው ጀምሮ አጫጭሯን ሁሉ «ተሰጥቷል፣ ተሰጥቷል» እያለ ያሳልፍሃል። መጨረሻ ላይ፣ ውጤታችሁ ሲቀራረብ፣ ዝም ይላል። አንተ ቀኑን ሙሉ አንዲት አጭር ፑት አልመታህም፤ እጅህ ይንቀጠቀጣል። ሕጋዊ ነው። ዋንጫ ላይ ቅር አይለኝም። ለምሳ በምንጫወተው ጨዋታ ላይ ግን እንዲህ የሚያደርግ ሰው ምሳውን ብቻውን ቢበላ ይሻላል ባይ ነኝ።

የመስጠት ትልቁ ምሳሌ ያው ሮያል በርክዴል ላይ ነው የታየው፤ እ.ኤ.አ. በ1969፣ በራይደር ካፕ፣ ማለትም በአሜሪካና በብሪታንያ ወንዶች የቡድን ውድድር። የመጨረሻው ግጥሚያ፣ የመጨረሻው ጉድጓድ። አሜሪካዊው ጃክ ኒክላውስ የራሱን አስገባ። እንግሊዛዊው ቶኒ ጃክሊን ስድሳ ሳንቲሜትር ገደማ ቀረችው። ቢስት ብሪታንያ ትሸነፋለች፤ የሀገሩ ሰው ሁሉ ያየዋል። ኒክላውስ የጃክሊን ኳስ የነበረችበትን ምልክት አንስቶ ፑቷን ሰጠው። ውጤቱ 16 ለ16 ሆነ፤ በራይደር ካፕ ታሪክ የመጀመሪያው አቻ። የአሜሪካው አምበል ሳም ስኒድ በነገሩ አልተደሰተም። እኔ ስኒድም የራሱ እውነት ነበረው እላለሁ፤ ቡድን ነውና። ነገር ግን አሜሪካ ያለፈው ዋንጫ ባለቤት ስለነበረች አቻውም ዋንጫውን አላሳጣትም። ኒክላውስ የሰጠው ዋንጫው እጃቸው ላይ እንዳለ ነው። ይህን የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ጋሼ። የእኛ ሰው ችግር ይሉኝታ ነው። ጋሼ ከአንድ ሜትር ኳሳቸውን ሲያነሱ ሁላችሁም ዝም ትላላችሁ፤ ከዚያ ወደ ደሴ ስትወጡ ሚኒባስ ውስጥ ታሟቸዋላችሁ። ይህ ለእሳቸውም ጥሩ አይደለም። ፊት ለፊት «ጋሼ፣ አልሰጠንዎትም» ማለትም አይሆንም፤ እኔም አልለውም።

ሁለት ነገር ሞክር። አንደኛ፣ ኳሳቸው በእውነት ቅርብ ስትሆን ቀድመህ «ጋሼ፣ ተሰጥቷል» በል። ከማንሳታቸው በፊት። እየቆየ ቃሉን መጠበቅ ይለምዳሉ፤ ቃሉ ሳይመጣም ሊመቱ ነው ብለው ይጎነበሳሉ። እኛ ቡድን ውስጥ የነበሩ አንድ ሀጂ እንዲሁ ነው የተመለሱት፤ ማንም ምንም አላላቸውም።

ሁለተኛው ለዚህ ቅዳሜ ነው። ገና ሳትጀምሩ፣ ሁሉም ቆሞ ሳለ፣ «ጋሼ፣ እኔ ለአዲስ አበባው ልለማመድ ነው፤ እስቲ ዛሬ ሁላችንም እስከ ጣሳው እናስገባ፤ እርስዎም ያግዙኝ» በላቸው። እምቢ አይሉህም። ከሳቱ አትሳቁ። ደርሰህ ስትመጣ ውጤቱን እዚሁ ጻፍልን።