በኦቨርድራፍት የኪራይ ክፍል ስለመሥራት፦ እኔ ሞክሬዋለሁ

«ለንግዴ 1 ሚሊዮን ብር ኦቨርድራፍት (ባንኩ ከሒሳቤ በላይ እንዳወጣ የሚፈቅድልኝ ብድር) አለኝ። አሜሪካ ያሉት በቢዝነስ ክሬዲት ካርድ ቤት ገዝተው ያከራያሉ ሲባል ሰማሁ፤ እኔስ ቡሬ ግቢዬ ውስጥ የኪራይ ክፍሎች ብሠራበት?» ብለህ የጠየቅከው ወንድሜ፣ እኔ ፍኖተ ሰላም በ2015 አድርጌዋለሁ።

መጀመሪያ ካርዱ ሌላ ነገር ነው። አንዳንዱ ለአዲስ ደንበኛ አንድ ዓመት ገደማ ወለድ አያስከፍልም። ያ ጊዜ ካለፈ ግን ወለዱ ብዙ ጊዜ ከ20 በመቶ በላይ ነው፤ ጥሬ ገንዘብ ካወጡበት ደግሞ ከዚያው ቀን ጀምሮ ይቆጥራል። የኛ ኦቨርድራፍት እፎይታ የሚባል የለውም። በተጠቀምክበት ልክ በየቀኑ ይታሰባል።

በርበሬና በቆሎ ነጋዴ ነኝ። መጋቢት ላይ ከኦቨርድራፍቴ 1.2 ሚሊዮን አውጥቼ ስድስት ክፍል ጀመርኩ። ነሐሴ ላይ መንገዱ ተዘጋ፣ ሲሚንቶ ጠፋ፤ መስኮቱ ላይ ላስቲክ ወጥሬ ክረምቱን አሳለፍኩ። የከፋው ኅዳር ላይ ነው። በርበሬ ከጃቢ ጠህናን ወረዳ ሲገባ ጎረቤቶቼ ጆንያ እያስመዘኑ ይገዛሉ፣ እኔ ሱቄ በር ላይ ቆሜ አያለሁ። መግዣው ብር ብሎኬት ሆኗላ!

ሒሳቡን ልንገርህ። በውሌ ወለዱ 18 በመቶ ነበር፤ በ1.2 ሚሊዮን ላይ በወር 18,000 ብር። ስድስቱም ክፍል በ2,500 ቢከራይ 15,000 ነው። ዋናውን ዕዳ ሳልነካ በየወሩ 3,000 ከኪሴ።

ውሉ ሲያልቅ ወደ ረጅም ጊዜ ብድር ይቀይሩልኛል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገድቦ ስለነበር አይሆንም ተባልኩ። ባጃጄን ሸጥኩ፣ ዕቁቤንም ለምኜ ቀድሜ ወሰድኩ። (ዕቁብተኞቹን እግዜር ይስጣቸው።)

አንተ ብትሆን ግድግዳና ጣሪያውን በዕቁብና በትርፍ ሁለት ሁለት ክፍል እያደረግክ አውጣ። ኦቨርድራፍቱን ለበርና መስኮት ብቻ፣ ያውም በሁለት ወር ውስጥ ከሽያጭ የምትመልሰውን ያህል ንካ። የግቢህ ካርታ ለዚሁ ብድር ተይዞ ከሆነ ሳትቆፍር ባንኩን ጠይቅ። የመብራት ቆጣሪም ቀድመህ አመልክት፤ የኔ ሁለቱ ክፍሎች እስካሁን መብራት ስላልገባላቸው በርበሬ ነው የማስቀምጥባቸው።