የኪሣራ ሕግ እንጀራ ይሆናል ወይ?

የሕግ ትምህርት የአምስተኛ ዓመት ተማሪ መሆንዎን፣ የአባትዎ ሱቅ በዕዳ ተዘግቶ መኖሪያ ቤታችሁ በባንክ ሐራጅ ከተሸጠ ወዲህ በኪሣራ ሕግ ላይ ለመሥራት መቁረጥዎን፣ ሆኖም መምህርዎ «የኪሣራ መዝገብ በፍርድ ቤቶቻችን ብርቅ ነው፤ በምን ትኖሪያለሽ?» ብለው እንዳሰጉዎት ጽፈውልኛል።

የመምህርዎ ሥጋት መሠረት አለው። የ1952ቱ የንግድ ሕግ አምስተኛ መጽሐፉን ለኪሣራ ቢሰጥም፣ በስድሳ ዓመት ዕድሜው ሥራ ላይ የዋለው በጥቂቱ ነው። ዋናው አበዳሪ ባንክ ሲሆን፣ ባንክ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በሐራጅ መሸጥ ስለሚችል፣ የሁሉም አበዳሪዎች ጥያቄ በአንድነት ወደሚታይበት ረጅም ክርክር የሚገባበት ምክንያት አልነበረውም። ነጋዴውም ስሙ እንዳይጠፋ ችግሩን ደብቆ ይቆይና ጠበቃ የሚፈልገው ሐራጁ ከተለጠፈ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የሚቀረው ነገር ትንሽ ነው።

እኔ ግን ውሳኔዎን እደግፋለሁ። የንግድ ሕጉን የኪሣራ ክፍል የተካው አዋጅ ቁጥር 1243/2013 የነጋዴውን ሀብት ሸጦ ከማከፋፈል ይልቅ ማዳንን አስቀድሟል። ነጋዴው ችግሩ ገና ሲታየው ከአበዳሪዎቹ ጋር ዕዳውን መልሶ የሚያዋቅርበት፣ መዳን የሚችል ድርጅትም እንዳይፈርስ መልሶ የሚደራጅበት ሥርዓት ተዘርግቷል፤ ለትናንሽ ነጋዴዎችም ቀለል ያለ አካሄድ ተፈቅዷል። በሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ፣ ከውጭ በዱቤ ዕቃ ያስመጡ ሰዎች ዕዳቸው በብር ሲሰላ በወራት ውስጥ ወደ እጥፍ ገደማ አድጎባቸዋል። ባለጉዳይ ሳይሆን አማካሪ የሚታጣበት ወቅት ላይ ነን።

ድንበሩን ግን ከወዲሁ ይወቁት። ይህ ሥርዓት ለነጋዴና ለንግድ ማኅበር የተዘጋጀ ሲሆን፣ በደመወዝ የሚተዳደር ሰው በአሜሪካ እንዳለው በፍርድ ቤት ዕዳውን አስሰርዞ እንደ አዲስ የሚጀምርበት ሕግ የለንም። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ያቋቋሙትም ቢሆኑ ለባንኩ የግል ዋስትና ፈርመው ከሆነ፣ ማኅበሩ ሲወድቅ ዕዳው ተከትሏቸው ቤታቸው ይገባል።

ስለዚህ የኪሣራ መዝገብ እስኪመጣ ቢሮ ከፍተው አይጠብቁ። የመውጫ ፈተናውን እንዳለፉ በአንድ ባንክ የብድር ማስመለስ ክፍል ውስጥ ሥራ ይፈልጉ። ቤታችሁን ከሸጠው ወገን ጋር መቀመጥ ሊከብድዎ እንደሚችል ይገባኛል፤ ቀላል ነገር ነው ብዬም አልከራከርዎትም። ነገር ግን የብድር ኮሚቴ የመክፈያ ጊዜ እንዲራዘም የሚስማማው ምን ሲቀርብለት እንደሆነ፣ ማስጠንቀቂያ ከመጻፉ በፊት ስንት የድርድር ዕድል እንደሚያልፍ ከዚያ በተሻለ የሚማሩበት ቦታ አላውቅም። ነጋዴን ከሐራጅ ማዳን የሚችለው ባንኩ ምን እንደሚፈራ የሚያውቅ ሰው ነው።

የሂሳብ አያያዝ ኮርስ ጨምረው ይውሰዱ፤ የሀብትና ዕዳ መግለጫ ማንበብ የማይችል የሕግ ባለሙያ ድርጅቱ ይድናል ብሎ ዳኛን ማሳመን አይችልም። በኋላም ለብቻዎ መሥራት ግድ አይደለም፤ አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቆች በድርጅት ተደራጅተው እንዲሠሩ ስለፈቀደ፣ ከሂሳብ አዋቂዎች ጋር ተቀራርቦ የሚሠራ የጥብቅና ድርጅት ይመልከቱ።

ለመመረቂያ ጽሑፍዎ የሚሆን ጥያቄም አለ፦ ዕዳን መልሶ በማዋቀር ሂደት ፍርድ ቤት የሚያዘው የአፈጻጸም እገዳ (አበዳሪዎች የባለዕዳውን ንብረት እንዳያሸጡ ለጊዜው የሚከለክለው ትእዛዝ)፣ ባንኩ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ያገኘውን የመሸጥ ሥልጣን እስከ ምን ድረስ ይገታል? ሁለቱን አዋጆች ጎን ለጎን አስቀምጠው ይጀምሩ፤ መምህርዎን ደግሞ አማካሪ እንዲሆኑልዎ ይጠይቋቸው።