መብራቱ ከምቱ የሚወጣው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የባህል ምሽት ቤት የመድረክ መብራት እሠራለሁ። የምጠቀመው ላፕቶፕ ላይ የሚጫን ነፃ ሶፍትዌር ነው። ተወዛዋዦቹ በተቀረጸ ሙዚቃ ሲወጡ በየምቱ ቀለም የሚቀይር ዙር አዘጋጅቻለሁ። ሙዚቃው በደቂቃ 128 ምት ስላለው ለእያንዳንዱ ቀለም 469 ሚሊሰከንድ ሰጠሁት። ሲጀምር ልክክ ይላል። ወደ 10 ሰከንድ ሲጠጋ ግን መብራቱ በሁለት ምት መሀል ይገባል። የሚገርመው፣ 20 ሰከንድ ላይ ራሱ ተመልሶ ይገጥማል፤ ከዚያ እንደገና ይወጣል። የቤቱ ባለቤት አዲስ ላፕቶፕ ልግዛልህ እያሉኝ ነው። ይግዙ ወይስ ችግሩ ሌላ ነው?
(አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ላፕቶፑ ይቅርባቸው። «20 ሰከንድ ላይ ተመልሶ ይገጥማል» ያልከው ነገር መልሱን ይዞ መጥቷል። ብዙ ሰው «መብራቱ ይዘገያል» ብሎ ብቻ ነው የሚጽፍልኝ፤ አንተ ግን በደንብ አይተሃል።

ሶፍትዌሩ 469 ብለህ እንድትሞላ ስለፈቀደልህ 469ን ይጠብቃል ማለት አይደለም። ውስጡ የራሱ ቆጣሪ አለው። ለምሳሌ ኪው ኤል ሲ ፕላስ የተባለው ነፃ የመብራት ሶፍትዌር፣ ካልነካካኸው በቀር በሰከንድ 50 ጊዜ፣ ማለትም በየ20 ሚሊሰከንዱ ነው የሚቆጥረው። በሁለት ቆጠራ መሀል ቀለም አይቀይርም። ስለዚህ ወይ 460 ነው ወይ 480። ያንተ 480 ሆኗል።

እስቲ አብረን እናስላው። ትክክለኛው ምት 468.75 ሚሊሰከንድ ነው። በየምቱ 11.25 ትዘገያለህ ማለት ነው። ይህን ለብቻው ዓይን አይለየውም። ግን እያንዳንዱ ቀለም የሚጀምረው ያለፈው ካለቀበት ስለሆነ መዘግየቱ ይደማመራል። 10 ሰከንድ ላይ ግማሽ ምት፣ 20 ሰከንድ ላይ አንድ ሙሉ ምት ኋላ ትቀራለህ። አንድ ሙሉ ምት ስትዘገይ ቀጣዩ ምት ላይ ታርፋለህና የገጠመ ይመስላል። ቀለሞቹን ልብ ብለህ ብታያቸው ግን በአንድ ተራ ወደ ኋላ ቀርተዋል።

ሶፍትዌሩ 469ን በትክክል ቢያከብርልህ እንኳ ነገሩ አያልቅም። የቀረችው ሩብ ሚሊሰከንድ በ4 ደቂቃ ዘፈን 128 ሚሊሰከንድ ትሆናለች። እሷም ትታያለች።

መፍትሔው ይኸውልህ። 16 ምት በትክክል 7,500 ሚሊሰከንድ ነው። ዙርህን 16 እርምጃ አድርገው። ዘጠኙን 460፣ ሰባቱን 480 ስጣቸው፤ እየቀላቀልክ እንጂ አንድ ላይ አትደርድራቸው። ድምሩ 7,500 ይመጣል፣ በየ16 ምቱም ሙዚቃው ላይ ትመለሳለህ። ከዚህ የሚሻለው ደግሞ እያንዳንዱን ለውጥ ከዘፈኑ መነሻ በሚቆጠር ሰዓት ላይ ማስቀመጥ ነው። ያኔ አንዱ ቀለም ትንሽ ቢሳሳት ስህተቱን ለቀጣዩ አያወርስም።

ከሶፍትዌሩ በኋላ ደግሞ ሽቦው አለ። ዲኤምኤክስ 512 የመብራት ትእዛዝ በሽቦ እንዴት እንደሚላክ የሚወስን፣ በ1986 የወጣ ደንብ ነው፣ ፍጥነቱም ያኔ የተወሰነው ነው። ቻናሎቹ፣ ማለትም እንደ ቀለምና ድምቀት ላሉት ነገሮች የሚላኩት ቁጥሮች፣ ወረፋ እንደያዘ ሰው አንድ በአንድ ነው የሚያልፉት። እያንዳንዱ 44 ማይክሮሰከንድ ይወስዳል። 512ቱም እስኪያልፉ 23 ሚሊሰከንድ ገደማ ይሄዳል፤ በሰከንድ 44 ጊዜ ቢላክ ነው። ሶፍትዌሩ በ20፣ ሽቦው በ23 ስለሚሄዱ አንዳንዱ ለውጥ የሽቦውን ቀጣይ ዙር ይጠብቃል። ይህ መንቀጥቀጥ ነው እንጂ አይደማመርም፤ አትጨነቅበት። ላፕቶፑን ከሽቦው ጋር የሚያገናኘው መቀየሪያህ የቻናሉን ብዛት መቀነስ ከፈቀደልህ ግን ቀንሰው። 100 ቻናል ብቻ ብትልክ ዙሩ 5 ሚሊሰከንድ አይሞላም።

ሙዚቃውን በብሉቱዝ ነው የምታጫውተው? ከሆነ ዛሬውኑ በኬብል ቀይረው። ብሉቱዝ ድምፁን ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ሊያዘገየው ይችላል። ይህን ያህል መዘግየት እያለ ስለ 20 ሚሊሰከንድ ማውራት ዋጋ የለውም። የአዳራሹንም ስፋት አስብ። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ነው የሚጓዘው። ከስፒከሩ 17 ሜትር ርቆ የተቀመጠ እንግዳ ምቱን የሚሰማው መብራቱን ካየ ከ50 ሚሊሰከንድ በኋላ ነው። ስለዚህ ከመድረኩ አጠገብ ቆመህ አታስተካክል። መሀል አዳራሽ ቁም።

ይህ ሁሉ ለተቀረጸ ሙዚቃ ነው። ማሲንቆና ከበሮ በቀጥታ ሲጫወቱ ዙሩን አጥፋውና በእጅህ ሥራ። እስክስታው ሲሞቅ ከበሮ መቺው ይፈጥናል፤ ማፍጠንም አለበት። የትከሻውን ንቅናቄ እያየ ቁልፍ የሚጫን ሰው ያንን ይከተላል፣ 468.75 ግን አይከተለውም። እኔ በበኩሌ ለቀጥታ ባንድ ቆጣሪ የሚያስገባ ሰው ሳይ ያሳዝነኛል፤ የጨዋታውን ሙቀት ነው የሚገድለው።

ባለቤቱ የግድ ገንዘብ ላውጣ ካሉ የራሱ ፕሮሰሰር ያለው የዲኤምኤክስ መቀየሪያ ይግዙልህ። ርካሾቹ መቀየሪያዎች የሽቦውን ሰዓት የሚያስጠብቁት በላፕቶፑ ነው። ላፕቶፑ በሌላ ሥራ ሲጠመድ መብራቱም አብሮ ይደናቀፋል። እስከዚያው ድረስ ትርኢት ከመጀመሩ በፊት ዋይፋዩን ዝጋ፣ ብራውዘሩንም አትክፈት።