የመስኖ ተራ ሰዓት ከየት ይቆጠር?

እኅታችን «በወረዳችን የመስኖ ውሃ ድልድሉ ተስተካክሎ ለረጅም ዘመን ከተራ ውጪ ለቆዩ ባለማሳዎች እንዲደርስ ታስቧል፤ ሥራው ከየት ቢጀመር ይሻላል?» ብለው ጠይቀዋል። እኔም በምዕራብ ጎጃም በመስኖ ባለሙያነት ስሠራ በአንድ የወንዝ ጠለፋ ላይ ይህንኑ ሞክረን መጀመሪያ ስለ ተሳሳትን፣ በኋላም ስላረምን፣ ያየሁትን ልጽፍልዎ።

ከሁሉ በፊት እነዚህ ሰዎች ከውሃው የራቁበትን ምክንያት በየቦዩ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። እኔ በነበርኩበት ቦታ ቦዩን የቆፈሩት የዛሬዎቹ ሽማግሌዎች አባቶች በመሆናቸው የውሃ መብት የሚቆጠረው በቁፋሮውና ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በሚደረገው የቦይ ጠረጋ ነበር። በ1989 ዓ.ም. በክልሉ የመሬት ሽግሽግ ሲደረግ መሬት ያልነበራቸው ወጣቶችና ሴቶች ማሳ ደረሳቸው፤ ውሃው ግን አብሮ አልተሸጋሸገም። ተራውን በቃሉ የሚይዘው የውሃ አባት ስለ ነበር አዲሶቹ ባለማሳዎች በተራው ውስጥ አልገቡም። ባሏ የሞተባት ሴትም ለጠረጋ የምትልከው ሰው ካጣች ተራዋ ይታለፋል፤ ሁለት ሦስት ዓመት ከታለፈች ደግሞ መብቷ እንደ ቀረ ይቆጠራል። በመጨረሻ ማሳዋን ለእኩል ትሰጥና ውሃው በአራሹ ስም ይመጣል፤ የምርቱም ግማሽ አብሮ ይሄዳል። ይህ ሁሉ የሆነው በአንድ ሰው ክፋት አልነበረም፤ ደንቡ ከመነሻው ጉልበት ላለው ሰው የተሠራ ነበር።

እኛ በመጀመሪያው ዓመት ያደረግነው የባለማሳዎቹን ስም በሙሉ መዝግበን፣ ሰዓቱን በቃዳ (በአካባቢው የመሬት ስፋት መለኪያ) ልክ እኩል አካፍለን፣ ዝርዝሩን በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነበር። በወረቀቱ ላይ ከቦዩ ራስ ያለውም ከጫፍ ያለውም እኩል ሦስት ሰዓት ነበረው። ይሁን እንጂ ጥር ላይ ከጫፍ ያሉት የሽንኩርት መደቦች መድረቅ ጀመሩ። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ዘንድ ሄጄ ተራ ደርሷቸው ሳለ ሽንኩርቱ ለምን እንደ ጠወለገ ብጠይቃቸው «ልጄ፣ እኔ እኮ ማሳዬን ሳይሆን ቦዩን ነው የማጠጣው» አሉኝ። በማግስቱ ሰዓቴን ይዤ አብሬያቸው ቆምኩ። የውሃው በር የተከፈተው ልክ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ነበር፤ ውሃው የደረቀውን የአፈር ቦይ እያራሰ፣ በአይጥ ጉድጓድ እየሰረገ፣ ገለባና ቅጠል እየገፋ ከማሳቸው አፍ የደረሰው 2 ሰዓት ከ40 ላይ ነው። 4 ሰዓት ሲሆን የላይኛው ሰው በሩን ዘጋ። እኒያ እናት ሦስት ሰዓት ተብሎ የተሰጣቸው ውሃ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ሆነ፤ እርሱም ቢሆን ቀጭን ነበር።

ስለዚህ ለጥያቄዎ የምሰጠው ዋና መልስ ይህ ነው፦ የተራው ሰዓት የበሩ መከፈት ሳይሆን ውሃው ከማሳው አፍ መድረሱ ታይቶ ይቆጠር፤ እያንዳንዱም ዙር ከቦዩ ጫፍ ይጀመር። ደረቁ ቦይ አንድ ጊዜ እስከ ጫፍ ከራሰ በኋላ ወደ ላይ እየተመለሱ ማጠጣት ይቻላል፤ በመንገድ የባከነውም ጊዜ ከሁሉም ተራ ላይ እኩል ይቀነሳል። ከራስ ያሉት ሰዎች ይህን በቀላሉ አልተቀበሉትም፤ ሦስት ስብሰባ ፈጅቷል። ያግባባቸው የእኛ ገለጻ ሳይሆን የራሳቸው ችግር ነው። ከድንጋይና ከቅርንጫፍ የሚሠራው ጠለፋ በየክረምቱ ጎርፍ ስለሚወስደው ከመስከረም በኋላ እንደ ገና ለመሥራት ብዙ ሰው ያስፈልጋል፤ ከጫፍ ያሉት ደግሞ ውሃ ለማያዩበት ቦይ ጉልበታቸውን ማዋጣት ትተው ነበር። ሽማግሌዎቹ ይህን አንሥተው «ውሃው ይድረሳቸውና ይምጡ» ሲሉ ነገሩ ተቋጨ። አቅም ለሌላቸው ሴቶችም ለሠራተኛው ምሳ ማዘጋጀት እንደ ጠረጋ ቀን እንዲቆጠር ተወሰነ። የሌሊት ተራ በቋሚነት በአንድ ወገን ላይ እንዳይወድቅም በየዙሩ እንዲቀያየር ተደረገ። በዚህ ረገድ ወደ 7,000 ሄክታር ለማልማት የተሠራው የቆጋ መስኖ የሌሊቱን ውሃ ይዘው ለቀን የሚያቆዩ ኩሬዎች ስላሉት ዕድለኛ ነው፤ በትንንሽ ጠለፋዎችም አቅም በፈቀደ መጠን ቢታሰብበት ለብቸኛ ሴቶች ትልቅ እፎይታ ነው።

ሕግን በሚመለከት፣ የ1992ቱ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 ለባህላዊ መስኖ የውሃ አጠቃቀም ፈቃድ እንዲጠየቅ አያስገድድም። ይህ ለገበሬው እፎይታ ቢሆንም ከላይ ባለፈቃድ ተጠቃሚ በሞተር መሳብ ሲጀምር የታችኛው ገበሬ የሚያሳየው ወረቀት አይኖረውም። በእኔ እምነት፣ ስለ መስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት በወጣው አዋጅ ቁጥር 841/2006 መሠረት የውሃ ተጠቃሚዎቹን ማኅበር አስመዝግቦ ሕጋዊ ሰውነት እንዲያገኝ ማድረግና የተራውን ደንብ በመተዳደሪያው ማስፈር ሊዘገይ የማይገባው ለዚህ ነው። ይሁን እንጂ ሕግ ብቻውን ውሃ እንደማያንቀሳቅስ ከደቡብ አፍሪካ ማየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የውሃ ሕጋቸው ከመሬት ባለቤትነት ጋር ተያይዞ የነጮች ሆኖ የቆየውን የውሃ መብት ቢሽርም በሕጋዊ መንገድ ሲጠቀሙ የነበሩት በዚያው እንዲቀጥሉ ፈቅዶ ነበር፤ በመሆኑም አብዛኛው የመስኖ ውሃ በነባሮቹ እጅ ቆየ፣ አዲሶቹ ጥቁር ገበሬዎች ደግሞ ፈቃድ ለማግኘት ወረፋ ያዙ። እኛም ስሙን መዝግበን ሰዓቱን ባለማረማችን የሠራነው ስሕተት በመጠኑ ያነሰ ይሁን እንጂ ተመሳሳይ ነበር።

ወረዳችሁ ስብሰባ ከመጥራቱ በፊት፣ ታኅሣሥ ላይ የመጀመሪያው ውሃ ሲለቀቅ፣ አንድ ሰው ከበሩ ሌላው ከመጨረሻው ማሳ ሆነው ደቂቃውን እንዲመዘግቡ ያድርጉ። ከጫፍ ያሉትን ሴቶችም አብረው እንዲቆሙ ይጋብዟቸው፤ በስብሰባው ላይ የሚናገሩት እነርሱ ሊሆኑ ይገባል።