ግድግዳው ደርቆ ሳለ ለምን ያልበዋል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች ውስጥ ማዕበልና የባሕር ውሃ የጎዳቸውን አሮጌ የጠረፍ ቤቶች የሚመለከቱትን መርጠናል።

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጆች፣ ማዕበሉ ሲመጣ የባሕር ውሃ ቤታችን ውስጥ እስከ ጉልበት ድረስ ገብቶ ነበር። ግድግዳው ድንጋይ ነው፤ ልስኑ ኖራ። ሦስት ወር ሙሉ በርና መስኮት ከፍተን ካደረቅነው በኋላ ፕላስቲክ ቀለም ቀባነው። አሁን ቀለሙ እየተነሳ ነጭ ዱቄት ይወጣዋል፤ ማለዳ ላይም ግድግዳው ያልበዋል። ጣራውም ቧንቧውም አያፈስም። ውሃው ከየት ይመጣል?

መልስ፦ ከአየሩ ነው የሚመጣው፤ የሚስበው ደግሞ ጨው ነው። የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው አለው። ውሃው ተንኖ ሲሄድ ጨው ድንጋዩና ልስኑ ውስጥ ቀርቷል። ተራ ጨው የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ከ75 በመቶ ሲያልፍ ከአየር ውሃ ስቦ ይሟሟል፤ አየሩ ሲደርቅ መልሶ ይጠጥራል። በጠረፍ ይህ ሌሊትና ቀን ሊፈራረቅ ይችላል። ጨው በጠጠረ ቁጥር የልስኑን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ከውስጥ ይገፋል፤ ልስኑ የሚፈረፈረው ለዚህ ነው። ፕላስቲክ ቀለሙ ደግሞ ትነቱን ስለሚያፍን ጨው ከቀለሙ ጀርባ ይጠጥርና ቀለሙን ልጦ ያነሳዋል።

ሥራው የሚጀምረው ቀለሙን በማንሳት ነው። በአሮጌ ቤት የቀለም ንብርብር ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖር ስለሚችል፣ በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አይፈግፍጉት፤ እያረጠቡ በስፓቱላ ይላጡት። ነጩን ዱቄት በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ጠርገው ከቤት ያውጡ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ዱቄቱን በውሃ ካጠቡት ተሟሙቶ ተመልሶ ግድግዳው ውስጥ ይገባል። በንጹሕ ውሃ ማጠብ የሚጠቅመው ግድግዳው ገና ሳይደርቅ፣ የባሕሩ ውሃ እንደወጣ ነው።

ከዚያ ጨው የሚመጥ ልጥፍ ይሥሩ። አንድ እጅ ነጭ ሸክላ (ካኦሊን)፣ አንድ እጅ ውሃ ውስጥ ርሶ የላመ ነጭ ወረቀት፣ ሁለት እጅ የታጠበ ደቃቅ አሸዋ በንጹሕ ውሃ አቡክተው እንደ ሊጥ ያድርጉት። ግድግዳውን በንጹሕ ውሃ አርጥበው ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይለጥፉበት። ልጥፉ ሲደርቅ እርጥበቱን ከግድግዳው ወደ ራሱ ይስባል፤ ጨውም አብሮ ይመጣል። ተሰነጣጥቆ ከግድግዳው ሲላቀቅ ያንሱትና ይጣሉት፤ ዳግም አይጠቀሙበት። ሁለት ሦስት ጊዜ መደጋገም የተለመደ ነው። ለውጥ መኖሩን ለማወቅ ከየዙሩ ልጥፍ እኩል ክብደት ወስደው በእኩል መጠን የተጣራ ውሃ ይዘፍዝፉና የጨውን መጠን በሚያሳይ የክሎራይድ መለኪያ ወረቀት ያነጻጽሩ።

ጨው ሙሉ በሙሉ አይወጣም። ስለዚህ የፈረሰውን ክፍል ሲለስኑ አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ አሸዋ አድርገው፣ እያንዳንዱን ንብርብር ከ1 ሳንቲ ሜትር ሳያስበልጡ፣ በኖራ ብቻ ይለስኑት። ይህ ልስን የቀረውን ጨው እየተቀበለ ድንጋዩን ያድናል፤ ከዓመታት በኋላ ሲያልቅ ልስኑ ይቀየራል፤ ግድግዳው ግን ይቆያል። ሲሚንቶ ከተጨመረበት እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጉዳቱም ከፍ ካለው የግድግዳ ክፍል ይጀምራል። አሸዋው ከባሕር ዳርቻ የተዛቀ እንዳይሆን እባክዎ ይጠንቀቁ፤ ያወጡትን ጨው በገዛ እጅዎ መመለስ ይሆናል። መጨረሻውን የኖራ ቀለም ይቀቡት።

ጥያቄ፦ የጣውላ ወለላችን የእያንዳንዱ ሳንቃ ጠርዝ ተነስቶ መሐሉ ጎድጉዷል። አናጢው ፍቀን እናስተካክለው ይላል። ይሻላል?

መልስ፦ አሁን አይፋቅ። የሳንቃው የታችኛው ገጽ ከላይኛው ይልቅ ስለረጠበ ነው ጠርዙ የተነሳው። ዛሬ ጠርዙን ከፋቁት፣ ሲደርቅ መሐሉ እንደ ጉብታ ይቀራል፤ ያን ጊዜ መፍትሔ የለውም። በግድግዳው ዳርና በየመሐሉ ጥቂት ሳንቃዎችን ቁጥር ጽፈው ያንሱና በወለሉ ሥር አየር በማራገቢያ ያመላልሱ። ማሞቂያ አያስጠጉ፤ ፈጥኖ የደረቀ አሮጌ እንጨት ይሰነጠቃል።

መድረቁን በመርፌ መለኪያ (እንጨት ላይ ተሰክቶ እርጥበቱን በኤሌክትሪክ በሚለካ መሣሪያ) ብቻ አይመኑ፤ ጨው ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ደረቁን እንጨት እርጥብ ያስመስለዋል። የተሻለው መንገድ ሚዛን ነው። ከወለሉ ተሸካሚ እንጨት ትንሽ ቁራጭ ቆርጠው ይመዝኑ፤ በ103 ዲግሪ ሴልሺየስ ምድጃ ውስጥ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ያድርቁት። የጠፋውን ክብደት ለደረቁ ክብደት ያካፍሉ፦ 100 ግራም የነበረው 80 ከሆነ እርጥበቱ 25 በመቶ ነው። ከ20 በመቶ በላይ ከሆነ እንጨት አበስባሽ ፈንገስ ይመቸዋል። 15 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ሳይደርስ ወለሉን መልሰው አይዝጉ።

ጥያቄ፦ ምድር ቤቱ አሁንም በውሃ ተሞልቷል። በአንድ ቀን በፓምፕ እናውጣው?

መልስ፦ በፍጹም። ከውጭ ያለው አፈር ውሃ ጠጥቶ ግድግዳውን ወደ ውስጥ ይገፋል፤ የሚመክተው የውስጡ ውሃ ነው። በአንዴ ካስወጡት አሮጌ ግንብ ሊደረመስ ይችላል። ደጅ ያለው ውሃ እስኪሸሽ ይጠብቁ። ከ60 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ካወረዱ በኋላ የውሃውን ልክ ግድግዳው ላይ አስምረው ሌሊቱን ያሳድሩት። ጠዋት ከምልክቱ በላይ ከተገኘ አፈሩ ገና አልደረቀም፣ ፓምፑን ያቁሙ። የነዳጅ ፓምፕ ከሆነ ሞተሩ ደጅ ይቀመጥ፤ ጭሱ በዝግ ቤት ውስጥ ይገድላል።

ጥያቄ፦ ውሃ የገባባቸው ሶኬቶች ደርቀዋል። መብራት ብንለቅስ?

መልስ፦ አይልቀቁ። በጨው ውሃ የተነከሩ ሶኬቶች፣ ማብሪያ ማጥፊያዎችና የኃይል መቁረጫዎች ደርቀውም ውስጣቸው ጨው አለ፤ ከሳምንታት በኋላ ዝገትና እሳት ያስነሳሉ። ይቀየሩ፤ ሽቦውንም ባለሙያ ይመርምረው።

ጥያቄ፦ ለጥገናው የትኛውን ምስማርና ብሎን እንግዛ?

መልስ፦ ከባሕሩ አጠገብ ለሆነ ቤት 316 የሚባለውን የማይዝግ ብረት ይምረጡ፤ ሞሊብዲነም የተባለ ብረት ስላለበት ጨውን 304 ከሚባለው ከተለመደው የማይዝግ ብረት የበለጠ ይቋቋማል። ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮን በማይዝግ ብሎን ማሰር ግን በጠረፍ አይመከርም፤ ሁለቱ ብረቶች በጨው እርጥበት ሲገናኙ ዚንኩ በብሎኑ ዙሪያ ይበላል። ጣራው ላይ ሲሠሩ ጠርዙንና ማዕዘኖቹን ከመሐሉ ይልቅ በቅርብ በቅርብ ያስሩ፤ ነፋስ ቆርቆሮን መንቀል የሚጀምረው ከዚያ ነው።