ወባ ለምን ተመልሶ ይመጣል? ከጅማ የመጡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጅማ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። ዝናቡ ሲያባራ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ፣ ቀኑን ሙሉ የደም ስላይድ ሳይ እውላለሁ። ስለ ወባ ያሻችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄዎቹና መልሶቼ እነሆ።

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ። ቆጪ ነው የምኖረው። ሐምሌ ላይ ወባ ታምሜ ዳንኩ። ጥቅምት ላይ ያው ሕመም መጣብኝ። አጎበር ውስጥ ነው የማድረው፣ በምን ያዘኝ?

መልስ፦ አዲስ ንክሻ ላይሆን ይችላል እህቴ። አገራችን ውስጥ ሁለት ዋና የወባ ዓይነቶች አሉ፤ ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ። ቫይቫክስ ከሆነ ከተህዋሱ ከፊሉ ጉበትሽ ህዋስ ውስጥ ገብቶ ይተኛል። ደም ውስጥ ስለሌለ እኔም በማይክሮስኮፕ አላገኘውም። ክሎሮኪን ደም ውስጥ ያለውን ይገድላል፤ የተኛውን ግን አይነካውም። ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይነቃል። የተኛውን የሚገድለው ፕሪማኪን ለ14 ቀን የሚታዘዘው ለዚህ ነው። ብዙ ሰው ትኩሳቱ ሲለቀው ይተወዋል። አንቺም ትተሽው ከሆነ ነገሩ እዚያ ጋ ነው። ከጎረቤት ተቀብሎ መዋጥ ግን የለም። ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ጂ-6-ፒ-ዲ የሚባለው ኢንዛይም የሚያንሰው ሰው ከወሰደውም ቀይ የደም ህዋሱ ሊፈርስ ይችላል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ተማሪ ነኝ። ወባ መድኃኒት ለመደ ሲባል እሰማለሁ። እንዴት ነው የሚለምደው?

መልስ፦ "ለመደ" የሚለው ቃል ያሳስታል። ፋልሲፓረም ቀይ የደም ህዋስ ውስጥ ይገባል። በ48 ሰዓት ገደማ ተባዝቶ ህዋሱን አፈንድቶ ይወጣል፤ ሌሎች ህዋሶችን ይወርራል። በጠና የታመመ ሰው ደም ውስጥ ቁጥሩ ቢሊዮኖች ይደርሳል። ሲባዛ ጂኑን ይገለብጣል፤ ሲገለብጥም ይሳሳታል። አብዛኛው ስህተት አይጠቅመውም። አንዱ ግን በአጋጣሚ መድኃኒቱን ያስችለዋል። ሌላው ሲሞት እሱ ይተርፋል፤ የሚወልደውም እሱን የመሰለ ነው። ኢቮሉሽን ማለት ይኸው ነው፣ በአንድ ሰው ደም ውስጥ ሲካሄድ።

ክሎሮኪን ለፋልሲፓረም ዋጋ ያጣው እንዲህ ነው። ኢትዮጵያም በ1996 ዓ.ም. ኮአርተም ወደተባለው መድኃኒት ዞረች። አሁን ደግሞ ኬልች13 በሚባለው ጂን ላይ ለውጥ ያለባቸው ተህዋሶች በኤርትራም በኛም አገር ተገኝተዋል። ለውጡ ኮአርተም ውስጥ ያለው የአርቴሚሲኒን ወገን መድኃኒት ቶሎ እንዳይገድላቸው ያግዛቸዋል። ኮአርተም ዛሬም ያድናል። እንዳናጣው ግን ከልቤ እሰጋለሁ። ስድስቱንም ጊዜ፣ ሦስቱንም ቀን ዋጡት፤ ምግብ በልታችሁ።

ጥያቄ፦ ከአሰንዳቦ ነኝ። ልጄን በኪት፣ በፈጣኑ መመርመሪያ፣ ሲመረምሩት ወባ የለበትም ተባለ። በማይክሮስኮፕ ግን ተገኘበት። የቱን ልመን?

መልስ፦ ማይክሮስኮፑን ይመኑ። ኪቱ ተህዋሱን ራሱን አያይም። ብዙው ኪት ፋልሲፓረም የሚያመነጨውን ኤች-አር-ፒ-2 የተባለ ፕሮቲን ነው የሚፈልገው። ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን የጠፋባቸው ተህዋሶች አሉ። ኤርትራ ውስጥ በዝተው ስለተገኙ ኪቱን እስከ መቀየር ተደርሷል። በኛም አገር ታይተዋል። በኪት የተያዘው ይታከማል፤ ያመለጠው ግን ወደ ሌላ ሰው ይተላለፋል። ተህዋሱ ጥቂት ሲሆንም ኪት ሊስተው ይችላል። ስለዚህ ምልክቱ ካለ ምርመራው ይደገም።

ጥያቄ፦ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ያድናል?

መልስ፦ አያድንም። ልጅ ካተኮሰው ሳታሳድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ጥያቄ፦ አያቴ "የኛን ደም ወባ አይደፍረውም" ይላሉ። እውነት አለው?

መልስ፦ ጥቂት አለው። ቫይቫክስ ቀይ የደም ህዋስ ውስጥ ለመግባት ዳፊ የሚባል ፕሮቲን ይፈልጋል። ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ አብዛኛው ሰው በቀይ የደም ህዋሱ ላይ ይህ የለውም። ቫይቫክስ እዚያ ብርቅ የሆነው ለዚህ ነው። እኛ ጋ ያለውም የሌለውም ተቀላቅሎ ይኖራል። ዳፊ በሌላቸው ሰዎች ደም ውስጥም ቫይቫክስ ኢትዮጵያ ውስጥ ተገኝቷል። ፋልሲፓረም ደግሞ ዳፊን ጭራሽ አይፈልግም። አያትህን አክብረህ ስማቸው፤ ማታ ግን አጎበራቸውን ዘርጋላቸው።