«ታላቋ ልጄ እንግዳ ሲመጣ ትደበቃለች»

«ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ። ታናሿ ቆንጆ ናት፤ ቤት የመጣ ሁሉ ስለ መልኳ ያወራል፤ እሷም ተጫዋች ናት። ታላቋ 14 ዓመቷ ነው። እንግዳ ሲመጣ ክፍሏ ገብታ በሯን ትዘጋለች። ‹አንቺም እኮ ቆንጆ ነሽ› ስላት ትበሳጫለች። ኩርፊያዋን እንዴት ላስተዋት?»

እህቴ፣ ልጅዎን አኩራፊ ለማለት አልቸኩልም። እንግዳው ሲገባ እስቲ ልብ ብለው ይዩ። ታላቋን «እንዴት ነሽ?» ይላታል፤ መልሷን ሳትጨርስ ግን ዓይኑ ታናሿ ላይ ነው። ልጅት ይሄ አያመልጣትም።

እ.ኤ.አ. በ1977 ማርክ ስናይደር የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ጥናት አሳተመ። ወንዶች ከማያውቋቸው ሴቶች ጋር በስልክ አወሩ። አስቀድሞ ለአንዳንዶቹ የቆንጆ ሴት ፎቶ፣ ለሌሎቹ ደግሞ ብዙም የማታምር ሴት ፎቶ ተሰጣቸው። ፎቶው የተነጋጋሪዋ አልነበረም። ከቆንጆ ጋር ነው የማወራው ብሎ ያሰበው ወንድ ሞቅ ብሎ አወራ። እኔን ሁሌም የሚነካኝ የሴቶቹ ነገር ነው። ስለ ፎቶው የሚያውቁት የለም፤ ግን ወንዱ ሞቅ ብሎ ያወራቸው ሴቶች እነሱም ተግባቢና ተጫዋች ሆኑ። የእነሱን ድምፅ ብቻ ለይተው ያዳመጡ ሰዎች ሳይቀሩ ልዩነቱን ሰሙት።

ስለዚህ የታናሿ ተጫዋችነትም የታላቋ ዝምታም ተፈጥሯቸው ብቻ ላይሆን ይችላል። በየቀኑ የሚደርሳቸው ፊትና ድምፅ እጁ አለበት።

ቅር አይበልዎትና፣ በደብዳቤዎ ስለ ታላቋ የነገሩኝ በር መዝጋቷንና መበሳጨቷን ነው። ምን እንደሚያስቃት፣ ምን እንደምትወድ አልጻፉልኝም። እስቲ ለሁለት ቀን ራስዎን ያዳምጡ፦ ስሟን የሚጠሩት ስንቴ ለሥራ፣ ስንቴ ለጨዋታ ነው?

«አንቺም ቆንጆ ነሽ» ማለቱ ይቅር። ውድድሩ የመልክ እንደሆነ ነው የሚያረጋግጥላት። «ሰው ሲመጣ እህትሽን ብቻ እንደሚያይ አስተውያለሁ፤ ያማል» ቢሏት ይሻላል። ያየችው እውነት መሆኑን የሚነግራት ሰው ትፈልጋለች። እንግዳ የመልክ ወሬ ሲጀምር ደግሞ ወሬውን ያስቀይሩ። ለታናሿም ይጠቅማታል፤ ስለ መልኳ ብቻ እየሰማች ያደገች ልጅ ሌላው ችሎታዋ ላይታያት ይችላል።

በግድ ከክፍሏ አያውጧት። ምግብ፣ እንቅልፍ ወይም ትምህርት ከተበላሸባት፣ ጓደኞቿንም ከሸሸች ግን ሳይቆዩ ባለሙያ ያማክሩ።

ዛሬ ማታ እንግዳ በሌለበት በሯን ያንኳኩ። «ምን ልሥራ?» ብላ መነሳቷ አይቀርም። «ለሥራ አይደለም፣ ላወራሽ ነው» ይበሏትና አጠገቧ ይቀመጡ።